ስለ ተንጠልጣይ የአበባ ቅርጫት
(በተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



የማኅበራችን ኮሚቴ በማደሪያ ቤታችን በረንዳዎች ላይ ሠላሳ የአበባ ቅርጫት እንዲሰቀል ያቀረበውን ሐሳብ ሁላችሁም ሰምታችኋል። በዚህ ጉዳይ እንድናገር ስለ ተፈቀደልኝ አመሰግናለሁ። ሐሳቡን እደግፋለሁ፤ ቍጥሩን ግን አልደግፍም። ምክንያቴን በተራ አስረዳለሁ።

ሐሳቡን የምደግፈው ከተማችን በ1879 ዓ.ም. ስትቈረቈር እቴጌ ጣይቱ ስሟን አዲስ አበባ ስላሏት ብቻ አይደለም። ዛሬ ብዙው ሰው በፎቅ ላይ ይኖራል፤ እኛም እንደዚሁ። ፎቅ ላይ ለሚኖር ሰው የቀረችው መሬት በረንዳው ናት። በዚያ ላይ አንድ የሚያስገርም ነገር አለ። በቆቃ አካባቢ ያሉ የአበባ እርሻዎች የጄራንየምንና የሌሎችን አበቦች ቅርንጫፍ እየቈረጡ፥ ሥር ሳያወጣ በአውሮፕላን ወደ አውሮፓ ይልካሉ። በዚያም ሥር አስይዘው በጸደይ ወራት በየመስኮቱና በየበረንዳው ይሰቅሉታል። እንግዲህ የሩቁን አገር መስኮት የሚያስጌጠው አበባ እናቱ እዚሁ ቅርባችን ያለች ልትሆን ትችላለች። የእኛ በረንዳ ግን ልብስ ከማስጫነት አላለፈም።

አሁን ወደ ሥራው ልግባ። ቅርጫቱ ከሽቦ ወይም ከቀርከሃ ሊሠራ ይችላል። አፉ 35 ሳንቲ ሜትር ያህል ቢሆን መልካም ነው፤ ከዚያ ያነሰው ፈጥኖ ይደርቃል። ውስጡን በጆንያ ማልበስ፥ በጆንያውም ላይ ያረጀ የማዳበሪያ ከረጢት ከታች በኩል እየበሱ ማንጠፍ ያስፈልጋል። ጆንያው አፈሩን ይይዛል፤ ከረጢቱ ርጥበቱን ያቆያል፤ ቀዳዳው ትርፉን ውሃ ያስወጣል። ቀዳዳ ከሌለ ሥሩ ይበሰብሳል።

አፈሩ ከጓሮ ተዝቆ እንዲሁ የሚሞላ አይደለም። ዋልካ አፈር ሲርስ ይከብዳል፥ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ስለዚህ አንድ እጅ ለም አፈር፥ አንድ እጅ በደንብ የበሰለ ብስባሽ፥ አንድ እጅ ደግሞ ቀዳዳ የበዛበት ቀላል የእሳተ ገሞራ ጠጠር ማደባለቅ ይበጃል። እንዲህ ያለው ቅርጫት 11 ሊትር ያህል አፈር ይይዛል፤ ውሃ ሲጠጣም ክብደቱ ከ10 ኪሎ ሊበልጥ ይችላል። በመሆኑም መስቀያው በወፍራም እንጨት ወይም በግድግዳው ላይ ይተከል እንጂ በኮርኒስ ላይ አይሁን፤ ከሥሩ የሚያልፈው ሰው ነውና።

በምንተክልበት ጊዜ ቅርጫቱ እንዳይንከባለል በባልዲ አፍ ላይ ማስቀመጥ ነው። ቀጥ ብሎ የሚያድገው በመካከል፥ ወደ ታች የሚወርደው በዳር ይሆናል። አምስት ወይም ስድስት ችግኝ ይበቃል። አፈሩ ከአፉ ሦስት ሳንቲ ሜትር ያህል ዝቅ ይበል፤ አለዚያ ውሃው ሳይሰርግ ይፈስሳል። ፀሐይ በሚመታው ወገን ጄራንየምና ፔቱኒያ ይስማማሉ። ጥላ በሆነው ወገን ኢምፔሸንስ የሚባለው ይሻላል፤ እርሱም እናቶቻችን የሚሞቁት የእንሶስላ ዘመድ ነው። ተክሉ ከተተከለ በኋላ ለአንድ ሳምንት በጥላ ቆይቶ ይሰቀል።

ሥራው በዚህ የሚያልቅ ቢሆን ኖሮ ሠላሳም ስድሳም ብንሰቅል ባልተቃወምሁ ነበር። ነገር ግን በመሬት ላይ ያለ ተክል ባለቤቱ ሲረሳው ሥሩ ወደ ታች ወርዶ ውሃ ይፈልግለታል። በቅርጫት ያለው ግን የት ይወርዳል? ነፋስ ከዙሪያውም ከሥሩም ያደርቀዋል። በክረምት እንኳ ከጣራ ክፈፍ ሥር የተሰቀለው ቅርጫት የዝናቡ ድምፅ እየተሰማ በጥም ይሞታል። ስለዚህ በበጋ በየቀኑ፥ ጧት በማለዳ ወይም ወደ ማታ ውሃ ያሻዋል። መጠማቱን ለማወቅ ጣትን በአፈሩ ውስጥ ማግባት፥ ወይም ቅርጫቱን ከሥሩ ከፍ አድርጎ መመዘን ነው፤ ቀሎ ከተገኘ ተጠምቷል። ፈጽሞ ከደረቀ ከላይ የሚፈስሰው ውሃ በዳር በዳር ያመልጣል። ያን ጊዜ አውርዶ፥ አረፋ መውጣቱ እስኪያቆም ድረስ ውሃ በሞላ ሳፋ ውስጥ ማስቀመጥ ነው።

ውሃ ብቻም አይበቃውም። በየሁለት ሳምንቱ ብስባሽ የተዘፈዘፈበትን ውሃ አቅጥኖ ማጠጣት ያስፈልጋል፤ ትኩስ ፍግ ግን ሥሩን ያቃጥለዋል። የጠወለገውም አበባ በየጊዜው ይቀጠፍ፤ ተክሉ ዘር ካፈራ ማበቡን ይቀንሳልና። በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ በሚያሰጋበት ሌሊት ኢምፔሸንሱን ወደ ቤት ማስገባት ነው።

«ከተማው ውሃ በፈረቃ እያገኘ እናንተ ለአበባ ታጠጣላችሁ?» የሚል አይጠፋም። ጥያቄው ተገቢ ስለ ሆነ በሒሳብ ልመልስ። አንዱ ቅርጫት በቀን አንድ ሊትር ተኩል ይጠጣል ብንል፥ ሠላሳው 45 ሊትር ይፈልጋል፤ ይህም ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ሁለት ሞልቶ ይተርፋል። ዐሥሩ ግን 15 ሊትር ነው። ይህን ያህል ልብስ ከምንለቀልቅበት ውሃ ልናገኝ እንችላለን፤ በረኪና የነካው ብቻ አይሁን። እንግዲህ ዐሥሩን ከማንም ጕሮሮ ሳንነጥቅ ማኖር እንችላለን፤ ሠላሳውን ግን አንችልም።

ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአገራችን በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉን መንግሥት አስታውቆ እንደ ነበር ታስታውሳላችሁ። የተተከለው በዚያው ዕለት ማታ ተቈጠረ፤ የጸደቀውን ለመቍጠር ግን ዓመታት ያስፈልጋሉ። በእኛም ዘንድ ሠላሳው ቅርጫት በተሰቀለ ዕለት ፎቶግራፍ እንነሣ ይሆናል። በየካቲት ፈተና ሲደርስስ ማን ያጠጣል? «ሁላችንም» ከተባለ ማንም እንደማያጠጣ እናውቀዋለን።

ስለዚህ ለጉባኤው የማቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። አንደኛ፥ ዐሥር ቅርጫት ብቻ ይሰቀል። ሁለተኛ፥ ለእያንዳንዱ ቅርጫት ሁለት ተማሪዎች በስም ይመደቡ፤ አንዱ ሲታመም ወይም ፈተና ሲይዘው ሌላው ይተካ፤ ስማቸውም በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ። ሃምሳ ሎሚ ላንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነውና። ሦስተኛ፥ ትምህርት ቤት በክረምት ሲዘጋ ቅርጫቶቹ ወርደው ዝናብ በሚያገኛቸው፥ ውሃም በማይተኛበት ቦታ ይቀመጡ። አራተኛ፥ በሚቀጥለው ዓመት መጀመሪያ ከጸደቀው ጄራንየም ጣት የሚያህል ቅርንጫፍ ከአንጓው ሥር እየቈረጥን፥ የታች ቅጠሉን አራግፈን በርጥብ አሸዋ እንትከል፤ በጥቂት ሳምንታት ሥር ያወጣል። ያን ጊዜ ያለ አንዳች ወጪ ሃያ ቅርጫት ይኖረናል፤ የሚያጠጡትንም ሰዎች አስቀድመን እናውቃቸዋለን።

ጓደኞቼ፥ የዐሥሩ ቅርጫት መዝገብ ከዚህ ጠረጴዛ ላይ አለ። ሃያ ስም የሚጻፍበት ቦታ ተከፍቷል። ሐሳቤን የምትደግፉ እጃችሁን ከማውጣታችሁ በፊት መጥታችሁ ስማችሁን ብትጽፉ ደስ ይለኛል።