የተፈጥሮ ውበትና ዘላቂ ደስታ፦ ከሮማንቲክ ግጥም እስከ ሺሺንዳ ደን

(ለማኅበሩ አባላት የቀረበ ንግግር)



በመሐንዲሶች ጉባኤ ስለ ግጥም መናገር ከቦታው የወጣ ይመስል ይሆናል። ነገር ግን መንገድ የሚቀይስ፣ ድልድይ የሚሠራና ወንዝ የሚገድብ ሰው የተፈጥሮን መልክ በእጁ የሚለውጥ ነውና፣ ያ መልክ ለሰው ልጅ ምን እንደሚሰጥ መመርመር ከሙያው ውጭ ሊሆን አይችልም። ከ18ኛው ምዕት ዓመት ማብቂያ ጀምሮ በአውሮፓ የተነሡት የሮማንቲክ ባለቅኔዎች አጥብቀው ከያዟቸው ጥያቄዎች አንዱ ይኸው ነበር። ውብ ነገር ሲታይ የሚገኘው ደስታ ዓይን ዘወር ሲል አብሮ ይጠፋልን? ወይስ ጸንቶ ይኖራል?

ጥያቄውን በአገራችን ምሳሌ ለመረዳት ወደ ከፋ ማቅናት ይበጃል። ሺሺንዳ ከቦንጋ ወደ ሚዛን ተፈሪ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኝ አነስተኛ ከተማ ናት። በዚያ አገር ደን ውስጥ ቀረሮና ዋንዛ ከላይ ጥላ ሲዘረጉ፣ ቡና ከሥራቸው ማንም ሳይተክለው ይበቅላል። የበጋው ድርቀት አልፎ የመጀመሪያው ደህና ዝናብ ከጣለ ከሳምንት ጥቂት አለፍ ሲል፣ የቡናው ቅርንጫፍ በአንድ ጊዜ ነጭ ይለብሳል፤ መዓዛውም ደኑን ይሞላዋል። ሆኖም አበባው የሚቆየው ለጥቂት ቀናት ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ይረግፍና እስከ ለቀማ ድረስ ወራት የሚወስደው የፍሬው ዕድገት ይቀጥላል። እንግዲህ ዕድሜው ይህን ያህል አጭር የሆነ ነገር ዘላቂ ደስታ ይሰጣል ማለት እንዴት ይቻላል?

እንግሊዛዊው ባለቅኔ ዊልያም ወርድስወርዝ ለዚህ መልስ የሚሆን ሥራ ትቶ አልፏል። እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 15 ቀን 1802 ከእኅቱ ከዶሮቲ ጋር በአልስዋተር ሐይቅ ዳር ሲጓዝ እጅግ ብዙ ቢጫ አበቦች አየ። ዶሮቲ የተመለከቱትን በማስታወሻዋ መዘገበች። እርሱ ግን ስለ አበቦቹ የገጠመው ከሁለት ዓመት ያህል በኋላ ነው፤ ግጥሙም በ1807 ታተመ። የግጥሙ ፍሬ ነገር የአበቦቹ ማማር ብቻ አይደለም። ሰውየው ብቻውን ባረፈበት ሰዓት አበቦቹ በኅሊናው ተመልሰው ልቡን ደስ ማሰኘታቸው ነው። የሕክምናና የመድኃኒት ቅመማ ሙያ የተማረው ጆን ኪትስም በ1818 ያሳተመው «ኤንዲሚየን» የተባለ ረጅም ግጥም የሚከፈተው የውበት ደስታ ዘላቂ ስለ መሆኑ በማውሳት ነው። ይህን የጻፈው ሰው በ1821 ሮማ ላይ ሲሞት ገና 25 ዓመቱ ነበር።

ከእኛም ወገን ሠዓሊና ባለቅኔ ገብረ ክርስቶስ ደስታ ሐረር ተወልዶ፣ ጀርመን አገር ተምሮ፣ በ1981 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ በስደት አረፈ። ግጥሞቹ በ1998 ዓ.ም. «መንገድ ስጡኝ ሰፊ» በሚል መጽሐፍ ታትመዋል። «ሀገሬ» የተሰኘውን ግጥሙን ከአገሩ ርቆ የሚያነብ ኢትዮጵያዊ፣ የተፈጥሮ ውበት ትዝታ ከቦታው ርቆም እንደማይደበዝዝ ይረዳዋል።

ይሁን እንጂ እዚህ ላይ ሊታለፍ የማይገባ ተቃውሞ አለ። ደስታው በትዝታ የሚኖር ከሆነ፣ ደኑ ከታየ በኋላ ቢመነጠር ምን ይጎድላል? የሚጎድለው ይህ ነው፤ ትዝታ የአንድ ሰው ሀብት እንጂ የትውልድ ቅርስ አይደለም። ዘንድሮ ሺሺንዳ ውስጥ የሚወለድ ሕፃን የአባቱን ትዝታ ይዞ አይወለድም። ግጥምም ቢሆን አበባ አይቶ ለማያውቅ ሰው ወሬ ከመሆን አያልፍም። ስለዚህ የደስታው ዘላቂነት በምንጩ ዘላቂነት ላይ የቆመ ነው።

ወርድስወርዝ ራሱ ይህን በመገንዘብ ከግጥም አልፎ ወደ ክርክር ገብቷል። በ1844 እ.ኤ.አ. ከኬንዳል ወደ ዊንደርሚር ሊዘረጋ የታሰበውን የባቡር ሐዲድ በጽሑፍ ተቃወመ። ሐዲዱ ግን በ1847 ሥራ ጀመረ። ሆኖም ከዊንደርሚር አልፎ ወደ ሐይቆቹ መካከል አልዘለቀም፤ እስከ ዛሬም መጨረሻው እዚያው ነው። የባለቅኔው ክርክር ግን ጉድለት ነበረበት። ተራው ሕዝብ ያለ ልምምድ ውበትን ሊያጣጥም አይችልም ብሎ ነበር። ይህ አስተሳሰብ ለከፋ ፈጽሞ አይሠራም። የሺሺንዳ ገበሬ ቡናውንና ማሩን ወደ ገበያ፣ በሽተኛውንም ወደ ሐኪም ቤት የሚያደርስ መንገድ ያስፈልገዋል። ውበቱንም ከማንም ይልቅ የሚያውቀው እርሱ ነው። በከፋ ልማድ «ኮቦ» የሚባለው ሥርዓት፣ በደን ውስጥ ለአንድ ሰው ድርሻ ለይቶ ቀፎ እንዲሰቅልና የጫካ ቡና እንዲለቅም ሲፈቅድለት፣ ጥቅሙ ራሱ ከደኑ መኖር ጋር የተሳሰረ ነው። የገተም ዛፍ ከተቆረጠ ነጭ ማር የለምና።

ውበትን በዓይን ብቻ መመዘንም ያሳስታል። ከቦንጋ ወደ ሺሺንዳ የሚያልፍ መንገደኛ በውሽውሽ የሻይ እርሻ አረንጓዴነት ይማረካል። እርሻው ለብዙ ሰው እንጀራ የሆነ ሥራ ነው፤ ነገር ግን ደን በነበረ መሬት ላይ የተተከለ አንድ ዓይነት ተክል ነው። ወርድስወርዝም በአገሩ ኮረብታዎች ላይ የተስፋፋውን አንድ ወጥ የላርች ዛፍ ተከላ ነቅፎ ጽፏል። አረንጓዴ የሆነ ሁሉ ደን አለመሆኑን የሚለይ፣ ከማየት አልፎ የሚያውቅ ሰው ነው።

ዩኔስኮ በ2002 ዓ.ም. የከፋን ምድር ባዮስፌር ሪዘርቭ ብሎ መዝግቧል። ይህ ምዝገባ ሰውን ከመሬቱ የሚያስወጣ አይደለም፤ የሚጠበቀው ክፍል ከሚለማው ክፍል ጋር ተያይዞ እንዲኖር የታሰበ ነው። መሐንዲስ የሚፈለገውም እዚህ ላይ ነው። መንገድ ሲቆረጥ ትርፉ አፈር በቁልቁለቱ ላይ ከተደፋ፣ ከታች ያለው ቡናና የጥላ ዛፉ ይቀበራሉ። የውሃ ማሳለፊያ ቱቦ በተገቢው ሥፍራ ካልተቀበረ፣ ረግረጉ በአንድ ወገን ይደርቃል፤ በሌላው ወገን ይጥለቀለቃል። የቅየሳው መስመር በጥቂት ሜትር ቢዛወር ግን ዕድሜ ጠገብ ቀረሮ ሊተርፍ ይችላል። እነዚህ በወጪ ስሌት ውስጥ በቀላሉ የማይገቡ ነገሮች ናቸው። ነገር ግን አንድ ነገር በቁጥር አልተመለከተም ማለት ዋጋ የለውም ማለት አይደለም።

እንግዲህ ችካል ከመተከሉ በፊት የጥላ ዛፎች፣ ምንጮችና ረግረጎች በካርታው ላይ ይመልከቱ፤ የአገሩ ሽማግሌዎችና የቀፎ ባለቤቶችም ይጠየቁ። በሚመጣው ዝናብ ማግሥት በሺሺንዳ ዙሪያ የሚፈነዳውን የቡና አበባ የሚያይ ልጅ ግጥም ይጻፍ አይጻፍ የራሱ ፈንታ ነው። አበባው ግን ሊያየው በሚችልበት ሥፍራ እንዲቆየው ማድረግ፣ በከፊል የዚህ ማኅበር አባላት የሥራ ድርሻ ነው።