ማኅደሩን ማን ይክፈተው?

(በአጋሚም፣ አሽቀሎን፣ ለአዲስ ገቢ ቤተሰቦች የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የምነግራችሁ ስለ ማኅደር ነው። ማኅደር ስል የወረቀቱን ብቻ ሳይሆን በኮምፒዩተር ውስጥ ያለውን፣ በዕብራይስጥ «ቲኪያ» የሚባለውን ማለቴ ነው። እኔ የምሠራው በአንድ የምህንድስና ቢሮ ሲሆን፣ ሥራዬም የሕንፃ ፕላኖች ከተቀመጡባቸው ማኅደሮች የትኛውን ማን ያያል፣ የትኛውን ማን ይለውጣል የሚለውን መቆጣጠር ነው። «ይህ እኛን ምን አገባን?» የምትሉ ትኖራላችሁ። ትንሽ ታገሡኝ።

አጋሚም አዲስ ሰፈር ነው፤ ቤቶቹም ማማድ አላቸው። በ1991 ከነበረው የባሕረ ሰላጤ ጦርነት በኋላ፣ በአገሪቱ በሚሠራ አዲስ መኖሪያ ቤት ሁሉ ማማድ እንዲኖር ሕግ ግድ ብሏል። የማማድ ጥቅም ለአሽቀሎን ሰው አይነገርም። ይህች አንዲት ክፍል ግን ግንብ ከመሆኗ በፊት ፕላን ነበረች። ፕላኑንም የሚሠራው አንድ ሰው አይደለም። አርክቴክቱ የክፍሉን ቦታ ይወስናል፤ መሐንዲሱ የብረቱንና የኮንክሪቱን ውፍረት ያሰላል፤ የመብራቱና የውሃው ባለሙያዎችም የየራሳቸውን መስመር ይስላሉ።

አሁን መሐንዲሱ የብረቱን ብዛት አሻሽሎ ሁለተኛውን ፕላን በሦስተኛ ተካው እንበል። አሮጌው ፕላን ለሁሉም ክፍት በሆነ ማኅደር ውስጥ ቢቀር፣ የግንባታው ፎርማን ማለዳ መጥቶ ያገኘውን አትሞ ይዞ ይወጣል። በዕለቱም ኮንክሪቱ ይፈስሳል። ወረቀት ይቀደዳል፣ የደረቀ ኮንክሪት ግን አይሰረዝም። ፎርማኑ ሰነፍ አይደለም፣ ሌባም አይደለም፤ ሊከፍተው የማይገባው ማኅደር ተከፍቶ ጠበቀው እንጂ።

ለዚህ ነው ፈቃድ በየዓይነቱ የሚሰጠው። ማየት አንድ ነው፣ መለወጥ ሌላ ነው፣ ማጽደቅም ሌላ ነው። የመብራቱ ባለሙያ የመሐንዲሱን ፕላን ያያል፣ ግድግዳውን ግን ፈቀቅ ማድረግ አይችልም። በ2018 የወጣው ዓለም አቀፉ ደረጃ፣ አይሶ 19650 የሚባለው፣ የግንባታ ሰነድን በአራት ሁኔታ ይከፍለዋል፦ ገና በመሠራት ላይ ያለ፣ ለሥራ ባልደረቦች የተካፈለ፣ ጸድቆ ለሥራ የወጣ፣ በመዝገብ ቤት የተቀመጠ። ፎርማኑ የሚገባው ወደ ሦስተኛው ብቻ ነው። በአራተኛው ያለውን ደግሞ ማንም አይነካውም፤ ነገር የተነሣ ቀን የሚታየው እሱ ነውና።

ወጣቶች ሆይ፣ በእንዲህ ያለ ቢሮ ለመሥራት የምታስቡ ካላችሁ ይህን ያዙ። ፈቃድ ለሥራው ይሰጣል እንጂ ለሰውየው አይሰጥም። «የመብራት ባለሙያዎች» የሚል ቡድን እናቋቁማለን፤ ፈቃዱንም ለቡድኑ እንሰጣለን፤ ሰው ሲመጣ ቡድኑ ውስጥ እናስገባዋለን፣ ሲሄድ እናወጣዋለን። ሌላም አለ፤ ውስጠኛው ማኅደር ከእናት ማኅደሩ ይወርሳል። ለአንድ ሰው አንድ ፕላን ለማሳየት ብላችሁ የላይኛውን ብትከፍቱለት፣ ከሥሩ ያለው የዋጋና የውል ማኅደር ሁሉ አብሮ ሊከፈትለት ይችላል። ብዙ ጊዜ ሚስጥር የሚወጣው በእንዲህ ያለ ቸርነት ነው።

ሁሉም በአንድ ስምና በአንድ «ሲስማ» (የይለፍ ቃል) የሚገባበት ቢሮም አይቻለሁ። ስሙን አልጠራም። አንድ ቀን ከጸደቀ ፕላን ላይ ልኬት ተለውጦ ተገኘ። ኮምፒዩተሩ ማን እንደገባ ይመዘግባል፣ ነገር ግን የተመዘገበው ያው የጋራ ስም ነበር። ጥርጣሬው በማን ላይ እንደወደቀ ልንገራችሁ? ከሁሉ በኋላ በተቀጠረው፣ ዕብራይስጡ ገና ባልተስተካከለው ልጅ ላይ። ስለዚህ የራሳችሁ ስም ሳይሰጣችሁ በሌላ ሰው ስም ግቡ ብትባሉ፣ በትሕትና እምቢ በሉ። መዝገቡ የሚጠብቀው ከሁሉ በፊት ንጹሑን ሰው ነው።

ይህ ነገር ለእኛ ሰው ይከብደዋል፤ ለምን እንደሚከብደውም አውቃለሁ። ለዘመድ፣ ለወዳጅ ቁልፍ መከልከል እንደ መናቅ ይቆጠራል። «አታምነኝም ወይ?» ይባላል። ነገር ግን እስቲ አስቡት፤ በአገር ቤት የሳጥኑን ቁልፍ እናታችን በመቀነቷ ቋጥራ ስትይዝ ከልጆቹ መካከል ማን ተናቅሁ አለ? በ1975 ጀሮም ሳልትዘርና ማይክል ሽሮደር የተባሉ ሁለት የአሜሪካ ሊቃውንት፣ እያንዳንዱ ሰው ሥራውን ለመሥራት የሚበቃውን ያህል ፈቃድ ብቻ ይኑረው ብለው ጻፉ፤ የኮምፒዩተር ሰዎችም እስከ ዛሬ ይህንኑ ይከተላሉ። እናቶቻችን ይህን ሳያነቡ ያውቁት ነበር።

እንግዲህ ወደ ቤታችሁ ልመለስ። የምትኖሩበት ሕንፃ በማዘጋጃ ቤቱ የምህንድስና ክፍል ማኅደር አለው፤ «ቲክ ቢንያን» ይባላል። የግንባታ ፈቃዱና የጸደቀው ፕላን እዚያ ይገኛሉ። ሁሉም ገጽ ለሁሉም ባይከፈትም፣ የቤታችሁን ፕላን መጠየቅ ትችላላችሁ። ግድግዳ ከማፍረሳችሁ፣ ከሁሉም በላይ የማማዱን ግድግዳ ከመብሳታችሁ በፊት ጠይቁ። አዲስ ቤት ከተቋራጭ የምትገዙ ደግሞ፣ የ1973ቱ የቤት ሽያጭ ሕግ ሻጩ በሁለታችሁ የተፈረመ ዝርዝር መግለጫ («ሚፍራት») ከውሉ ጋር እንዲያያይዝ ያዝዘዋል። ያ ወረቀት በእጃችሁ ይሁን፤ በደላላ ቦርሳ ውስጥ አይደር።

ፊርማም ቁልፍ ነው። «ዪፑይ ኮአህ» ማለት ሌላ ሰው በእናንተ ፈንታ እንዲሠራ መወከል ነው። ከመፈረማችሁ በፊት ሁለት ነገር ጠይቁ፦ ለየትኛው ጉዳይ? እስከ መቼ? «ቢልቲ ሆዜር» የሚል ቃል ካለበት፣ በፈለጋችሁ ጊዜ መልሳችሁ የማትወስዱት ውክልና ነው። በቤት ግዢ ላይ ለጠበቃ እንዲህ ያለ ውክልና መስጠት የተለመደ ስለሆነ አትደንግጡ፤ ነገር ግን ለዚያች ቤት ጉዳይ ብቻ መሆኑን ቋንቋውን የሚያውቅ ሰው ያንብብላችሁ።

አሁን የሚከብደኝን ልናገር። በብዙ ቤት የባንኩን፣ የኩፓት ሆሊሙን፣ የመንግሥት መሥሪያ ቤቱን ሲስማ ሁሉ የያዘችው ታላቋ ልጅ ናት። ቋንቋውን የምታውቀው እሷ ስለሆነች ማንም አይፈርድባችሁም። ግን የአሥራ አራት ዓመት ልጅ የእናቷን የሕክምና ውጤት ከእናቷ ቀድማ ማንበብ አለባት? የአባቷን ዕዳ አይታ በማግሥቱ ፈተና ልትቀመጥ ነው? በ1996 የወጣው የሕሙማን መብት ሕግ ሐኪሙና ሆስፒታሉ ሚስጥራችሁን እንዲጠብቁ ያስገድዳል። ሐኪሙ የዘጋውን በር በቤታችሁ ለልጅ ከፍታችሁ አትተዉት። ልጅቱ የትምህርት ቤቱን መልእክትና የመብራት ሒሳቡን ትያዝ። የሕክምናውን ነገር ለመረዳት በአማርኛ የሚያስተረጉም አዋቂ ሰው እንዲሰጣችሁ ክሊኒኩን ጠይቁ። ለባንኩም ባልና ሚስት ተቀምጣችሁ፣ ቀስ ብላችሁም ቢሆን ራሳችሁ መግባትን ተማሩ።

በቢሯችን ሰው ሥራ ሲለቅ ፈቃዱ የሚዘጋው በዚያው ቀን ነው፤ ቡና ጠጥተን፣ መርቀን እንሸኘዋለን፣ ስሙም ከማኅደሩ ይወጣል። ማንም አይቀየምም። በቤታችሁም የረዳችሁ ጎረቤት ሰፈር ሲለቅ፣ ወይም ልጃችሁ ወደ ጦር ሠራዊት ስትሄድ፣ በዚያው ሳምንት ሲስማውን ለውጡ። አዲሱንም በስልኩ ጀርባ ላይ ለጥፋችሁ አትዙሩ፤ በደብተር ጽፋችሁ የቴኡዳት ዜሁትና የልደት ወረቀት ከሚቀመጥበት ሳጥን ውስጥ አኑሩት።