ተመላሽ ደብዳቤ
(በማኅበራችን ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ባለፈው ዓመት ማኅበራችን ለመጻሕፍት መግዣ እንዲረዱን ለቀድሞ ተማሪዎች ደብዳቤ መላኩን ታስታውሳላችሁ። ተመልሰው የመጡት ደብዳቤዎች በካርቶን ተከማችተው ከቆዩ በኋላ ለይልን ተብዬ ለእኔ ተሰጡ። በአንዱ ፖስታ ጀርባ በእጅ ጽሕፈት፣ «ባለቤቴ ካረፉ ቆይተዋል፤ ይህንንም ባለፈው ጽፌላችሁ ነበር» የሚል አገኘሁ። ካርቶኑን እስከ ታች ብፈትሽ፣ የፊተኛው ደብዳቤያቸው እዚያው ነበር። ከእኛ አንዱም አላነበበውም። ኀዘን ላይ ያሉትን ሴት ኹለት ጊዜ ገንዘብ አምጡ ብለናቸዋል።

ፖስታ ቤት ደብዳቤ ሲመልስ ምክንያቱን ያመለክታል። ኢትዮጵያ ከ1901 ዓ.ም. ጀምሮ አባል የሆነችበት ዓለም አቀፍ የፖስታ ኅብረት ለዚሁ የሚለጠፍ ወረቀት አለው፤ የማይታወቅ፣ ቦታ የለቀቀ፣ አድራሻው ያልተሟላ፣ ያልተወሰደ፣ አልቀበልም የተባለ እየተባለ ምልክት ይደረግበታል። እኛ ግን ሁሉንም «ተመላሽ» ብለን በቀይ ሠረዝን። ቦታ የለቀቀ ሰው እኮ ይፈለጋል፤ አልቀበልም ያለን መተው ነው። አድራሻው ካልተሟላ ደግሞ ጥፋቱ የታይፒስቱ ነው (አንዱን የሣጥን ቁጥር አጉድዬ የጻፍሁት እኔው ነኝ)።

በአሜሪካ ቤት የለወጠ ሰው ለፖስታ ቤት ያስታውቃል። በቅናሽ ዋጋ ደብዳቤ በብዛት የሚልክ ነጋዴም፣ ከመላኩ በፊት ባሉት 95 ቀናት ውስጥ የስም ዝርዝሩን ከለውጦቹ ጋር ማመሳከር ግዴታው ነው።

የእኛ ችግር መልኩ ሌላ ነው። በሀገራችን ደብዳቤ በአብዛኛው የሚታደለው በፖስታ ሣጥን ነው፤ ብዙዎቹ ምሩቃንም የሰጡን የመሥሪያ ቤታቸውን ሣጥን ቁጥር ነው። ሰውየው ወደ ሌላ መሥሪያ ቤት ሲዛወር ደብዳቤያችን ሣጥኑ ውስጥ በደኅና ይገባል፣ ተላላኪው ያመጣዋል፣ ከዚያም በአንድ ጠረጴዛ ላይ አቧራ ይጠጣል። አይመለስም። እኛም ደረሰው እንላለን። ስለዚህ ከካርቶኑ ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ ያልተመለሰው ነው።

የምለምናችሁ ትንሽ ነገር ነው። ከእያንዳንዱ ደብዳቤ ጋር ኹለተኛ አድራሻ፣ ማለት የግል ሣጥን ወይም የዘመድ ስልክ፣ የሚሞላበት ቁራጭ ወረቀት ይግባ። በመዝገቡም ስም ሲሠረዝ ቀኑና ምክንያቱ ይጻፍ። ያረፉት ግን ሌላው ሥራ ሁሉ ቆይቶ ዛሬውኑ ይለዩ።

ለእኒያ እናት የይቅርታ ደብዳቤ ጽፌአለሁ። በእኔ ስም ብቻ መሄዱ አይበቃምና፣ ሊቀ መንበራችን ከስብሰባው በኋላ እንዲፈርሙበት ይዤው መጥቻለሁ።