አንድ መድኃኒት በሁለት መደብ፦ የአስፕሪን ጉዳይ



መድኃኒት በሚሰጠው ሕክምና ወይም በኬሚካዊ አወቃቀሩ ሊመደብ ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት የሚጠቀምበት ኤ.ቲ.ሲ. የተሰኘው ሥርዓት ሁለቱን ያጣምራል። ከአምስቱ ደረጃዎቹ የላይኛው በአብዛኛው የሚመለከተው የአካል ክፍልን ነው፤ ቀጥሎ የሕክምናው ዓይነት፣ ዝቅ ሲልም የኬሚካል ቡድኑ ይመጣል። በመጨረሻው ደረጃ ንጥረ ነገሩ ራሱ ይገኛል።

አስፕሪንን እንመልከት። ለሕመም ማስታገሻነት ሲመደብ መለያው «ኤን02ቢኤ01» ነው፤ የደም መርጋትን ለመከላከል ሲሰጥ ግን «ቢ01ኤሲ06» ይሆናል። ሞለኪዩሉ ያው አሴቲልሳሊሲሊክ አሲድ ነው። የተለወጠው የምንሰጥበት ምክንያት ነው፤ መጠኑም ቢሆን ይለያያል። ለማስታገሻነቱ የተቀመጠው የቀን መለኪያ 3 ግራም ሲሆን፣ ለልብ ሕሙማን በተለምዶ የሚታዘዘው ከ75 እስከ 100 ሚሊግራም ነው።

ሥርዓቱ የተነደፈው የመድኃኒት አጠቃቀምን ለመለካት በመሆኑ፣ ለዚያ ዓላማ ይህን መነጣጠል እደግፋለሁ። ሁለቱን ደምሮ የሚቆጥር ጥናት ምን እንደለካ አይታወቅም። የሚያሳስበኝ ይኸው መለያ በፋርማሲ ኮምፒዩተር ላይ ለደኅንነት ፍተሻ ሲውል ነው። በየቀኑ አስፕሪን ለሚወስድ የልብ ሕመምተኛ ለራስ ምታት ሌላ አስፕሪን ቢታዘዝለት፣ ድግግሞሽን በመለያ ብቻ የሚፈትሽ ፕሮግራም የሚያየው ሁለት የተለያዩ መድኃኒቶችን ነው። የጨጓራ መድማት አደጋው ግን ይደመራል። ስለዚህ ድግግሞሽ በንጥረ ነገሩ ስም ሊፈተሽ ይገባል።

እርሱም ቢሆን ሁሉንም አይዝም። ኢቡፕሮፌን ስሙም ኬሚካዊ ቡድኑም ሌላ ነው፤ ሆኖም ጨጓራን ሊያደማ፣ የአስፕሪንንም የደም መርጋት መከላከያ ኃይል ሊያዳክም ይችላል። መለያው በ«ኤም» ስለሚጀምር ከሁለቱም የአስፕሪን መደቦች አጠገብ አታገኙትም።