የሰው ክብር ከወዴት ነው?

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ በአንድ የ12ኛ ክፍል ተማሪ የተደረገ ንግግር)



 የምናገረው የሰው ክብር ከወዴት እንደሚመጣ ነው።

ዓለም ለሰው ዋጋ መተመን ይወዳል። «ገንዘብ ካለ በሰማይ መንገድ አለ» እንደሚባለው፣ አንዱን በሀብቱ፣ ሌላውን በዘሩ፣ ሌላውን በሹመቱ ይመዝነዋል። በእኛም በሲዳማና በአካባቢው ሸክላ ሠሪው፣ ቆዳ ፋቂውና ብረት ቀጥቃጩ ለሁላችን የሚጠቅም ሥራ እየሠሩ ከጥንት ጀምሮ ሲናቁ ኖረዋል። ጀበናውን ወድዶ ሠሪዋን መናቅ ምን ዓይነት ፍርድ ነው?

ሃይማኖታችን የሚያስተምረን ግን ሰው ሁሉ በእግዚአብሔር አርአያና አምሳል መፈጠሩን ነው። ይህ ክብር ከፈጣሪ የተሰጠ ነውና ሰው ሊጨምርበትም ሊቀንስበትም አይችልም።

ለዚህ ምስክር የሚሆነን አናሲሞስ ነሲብ ነው። በኢሉባቦር ተወልዶ ገና ልጅ ሳለ ባሪያ ፈንጋዮች ወሰዱት፤ ከእጅ ወደ እጅም ተሸጠ። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1870 በምጽዋ ነፃ ወጣ፤ በዚያው አጠገብ በእምኩሉ በነበረው የስዊድን ሚስዮን ትምህርት ቤትም ገባ። አናሲሞስ የሚለው ስም፣ ሐዋርያው ጳውሎስ እንደ ተወደደ ወንድም ተቀበለው ብሎ ለጌታው የጻፈለት ባሪያ ስም ነው። ነሲብም እንደ እርሱ ከባርነት ነፃ ከወጣችው ከአስቴር ጋኖ ጋር ደክሞ መጽሐፍ ቅዱስን በሙሉ ወደ ኦሮምኛ ተረጎመ፤ በ1899 ታተመ። ኋላም በነቀምት ሲያስተምርና ሲሰብክ ኖሮ በ1931 ዐረፈ።

ነገር ግን ልብ በሉ፤ አናሲሞስ ክቡር የሆነው መጽሐፍ ስለ ተረጎመ አይደለም። ለሽያጭ በቆመበት ቀንም ክብሩ ያው ነበር፤ የጠፋው ክብሩን የሚያይ ዓይን ነበር።

ይህ ነገር ለእኛ ለተፈታኞች እጅግ ቅርብ ነው። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍልን አገር አቀፍ ፈተና ከወሰዱት መካከል ግማሽና ከዚያ በላይ ነጥብ ያገኙት ከመቶ 3.3 ብቻ ነበሩ። እንግዲህ የቀሩት ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ዋጋ ቢስ ሆኑን? ከቶ አልሆኑም። ፈተና ያጠናነውን ይመዝናል፤ ነፍሳችንን የሚመዝንበት ሚዛን የለውም።

ይህን ስል ስንፍናን ማመስገኔ አይደለም። የተሰጠውን ክብር ያወቀ ሰው መክሊቱን አይቀብርም፤ የሚያጠናውም ሰው ለመሆን ሳይሆን ሰው ስለ ሆነ ነው። እንዲሁም ራስን መናቅ ትሕትና አይባልም፤ የፈጣሪን ሥራ ማቃለል ነውና። በራሱ ላይ የእግዚአብሔርን አምሳል ያየ ደግሞ በባልንጀራው ላይ ያንኑ አምሳል ሊክድ አይችልም።

ወላጆቻችን ሆይ፤ ውጤት በሚነገርበት ቀን ልጃችሁ አንገቱን ደፍቶ ቢመጣ፣ ከጎረቤት ልጅ ጋር ከማወዳደራችሁ በፊት «ልጄ» ብላችሁ ጥሩት። ጓደኞቼ ሆይ፤ ከመካከላችን በቤተሰቡ ሙያ ወይም በድኽነቱ የሚያፍር ቢኖር፣ በአንድ ወንበር አብረን በመቀመጥ እናክብረው።

እግዚአብሔር ትምህርት ቤታችንንና አገራችንን ይባርክ።