ቤት ሲገዛና ሲሸጥ ሊደረግ ስለሚገባው ምርመራ
(ለከተማው ነዋሪዎችና ለሹማምንት የተደረገ ንግግር)



አባቶቻችን በቅሎ ሲገዙ ጥርሷን ገልጠው፣ ኮቴዋን አንሥተው፣ ዐቀበትና ቁልቁለት አስረግጠው ያዩ ነበር። ሻጩም ነውሯን እንዲናገር በዳኛ ፊት ይጠየቅ ነበር። ከመቶ በቅሎ የሚበልጥ ዋጋ ያለውን ቤት ስንገዛ ግን ብዙዎቻችን ሳሎን ተቀምጠን፣ ቡና ጠጥተን፣ ደላላው የተናገረውን ሰምተን ዋጋ እንቆርጣለን። ሰው በዕድሜው ቤት የሚገዛው ብዙውን ጊዜ አንድ ጊዜ ብቻ ስለሆነ ከስሕተቱ ተምሮ ሁለተኛ ለመግዛት አይታደልም። ዛሬ በዚህ ነገር ጥቂት እንድናገር ተፈቅዶልኛል።

ምሳሌዬን የማመጣው ከጎረቤታችን ከሱዳን ዋና ከተማ ከካርቱም ነው። ብዙ ወገኖቻችን በደይምና በጅሬፍ ሠፈሮች፣ አብዛኛዎቹም በኪራይ፣ ኖረውባታልና ከተማዪቱ ለእኛ ባዕድ አይደለችም። ከዚህም በላይ መልካም መዝገብና መልካም ቤት ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸው እንደ ካርቱም ጎልቶ የሚታይበት ቦታ ጥቂት ነው።

በካርቱም የመሬት መዝገብ ሥራ የቆየ ነው። በእንግሊዝና በግብጽ ጥምር አስተዳደር ዘመን፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1925፣ የመሬት ማጣሪያና መመዝገቢያ ሕግ ወጥቶ ቦታው በቁጥር፣ ባለቤቱ በስም እየተለየ ይጻፍ ጀመር። በ1970 ደግሞ ሌላ ሕግ ወጥቶ ሳይመዘገብ የቀረው መሬት የመንግሥት ነው ተባለ። እንግዲህ በዚያ አገር በመዝገብ ላይ አለመገኘት እንዴት ያለ ጉዳት እንደሚያመጣ መገመት አያስቸግርም፤ አያቱ ያረሰው መሬት እንኳ ቢሆን ያልተጻፈለት ሰው ባለመብት ሆኖ አልቀረም።

ቤት የሚገዛ ሰው ወደ መዝገብ ቤቱ ሄዶ በአገሩ ቋንቋ «ሸሃዳት ባሕስ» የሚባለውን የፍለጋ ምስክር ወረቀት ያስወጣል። በዚህ ወረቀት የባለመብቱ ስም፣ የቦታው ቁጥርና ስፋት፣ ቦታው ነፃ ርስት ወይም «ሒክር» የተባለው ከመንግሥት በኪራይ የተያዘ መሆኑ፣ ዕዳም ሆነ እግድ ቢኖርበት ይታወቃል። ወረቀቱ በወጣ ማግስት እግድ ሊመዘገብ ስለሚችል ሻጩ ከሣጥኑ ያወጣውን አሮጌ ወረቀት ተቀብሎ መዋዋል ሞኝነት ነው። ሻጩ ባለቤቱ ራሱ ሳይሆን ወኪል ከሆነም የውክልናውን ወረቀት ማየት ብቻውን አይበቃም፤ ወካዩ በሕይወት መኖሩንና ሐሳቡን አለመለወጡን ከራሱ አፍ መስማት ያስፈልጋል።

ይህ ሁሉ መልካም ነው። ነገር ግን ሸሃዳት ባሕስ ስለ ግድግዳው አንድ ቃል አይናገርም። ባለቤቱ ማን እንደሆነ ይነግረናል እንጂ ቤቱ ምን እንደሆነ አይነግረንም።

በካርቱምና በዙሪያዋ ከጭቃ በድርብርብ የተሠራ «ጃሉስ» የሚባል ቤት ብዙ ነው። ጃሉስ ሙቀትን ስለሚከለክል በበጋ የተመሰገነ ነው። ሆኖም ዝናም ሳይገባ በየዓመቱ «ዝባላ» በሚባል በእበት በተለወሰ ጭቃ ካልተመረገ፣ ውሃው ከላይ ጣሪያውን፣ ከታች መሠረቱን እየበላ አንድ ሌሊት በተኙት ሰዎች ላይ ይወርዳል። ዝናሙ በሐምሌ፣ በነሐሴና በመስከረም ስለሆነ ቤቱን በጥር አይቶ የሚገዛ ሰው ግማሹን ብቻ አይቶ ይገዛል። ቢቻል ዝናም በጣለ ማግስት፣ ባይቻል ቀለም ከተቀባ ብዙ የቆየ ቤት ማየት ይሻላል። ከግድግዳው ሁሉ ተለይቶ እስከ ጉልበት ድረስ ብቻ አዲስ ቀለም የተቀባ ቤት ስታዩ ቀለሙ ምን እንደሸፈነ ጠይቁ።

በጡብና በሲሚንቶ የተሠራውም ቢሆን ከምርመራ አያመልጥም። በብዙ ቦታ መሬቱ እኛ ዋልካ የምንለው ዐይነት ጥቁር አፈር ስለሆነ ሲረጥብ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ ቤቱንም አብሮ ያነሣዋል፣ ያወርደዋል። በምርጊቱ ላይ ብቻ እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ ቢታይ ብዙ አያስፈራም። ከመስኮት ማዕዘን ተነሥቶ እንደ ደረጃ እየተሰበረ የሚወርድ፣ ጣት የሚያስገባ ስንጥቅ ግን የመሠረት በሽታ ነው። በሩ በበጋ የሚዘጋ በክረምት የማይዘጋ ከሆነም ያው ነው። ምስጥ ደግሞ የአገሩ ነባር ተከራይ ነው፤ የበሩን መቃንና የጣሪያውን እንጨት በጣት እያንኳኳችሁ ድምፁን ስሙ፣ የመቃኑንም እግር በቢላዋ ጫፍ ሞክሩት።

የጎርፉ ነገር ከሁሉ ይከብዳል። ከተማዪቱ ነጭ ዓባይና ጥቁር ዓባይ በሚገናኙበት ቦታ የተቀመጠች ናት። በ1946 ወንዙ ሞልቶ ብዙ አጥፍቶአል። በነሐሴ 1988 በአንድ ቀን የወረደው ዝናም እጅግ ብዙ ሕዝብ ያለ መጠለያ አስቀርቶአል። በ2020 ዓባይ በካርቱም ከ17 ሜትር ተኩል በላይ ከፍ ብሎ፣ ለ3 ወር የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ታውጆ ነበር። በሁለቱ ወንዞች መካከል ያለችው የቱቲ ደሴት ሕዝብ ሌሊት በየተራ ወንዙን የመጠበቅ የቆየ ልማድ አለው፤ ውሃው በየትኛው ዓመት በየትኛው በር እንደገባም ያውቃል። ስለዚህ ገዢው ከደላላው ይልቅ በመንደሩ የኖሩትን አሮጊት እናት ቢጠይቅ የተሻለ መልስ ያገኛል። የመፀዳጃውን ጉድጓድም መጠየቅ አለበት፤ በዚያ አገር «ሳይፎን» የሚሉትን ጥልቅ ጉድጓድ ሸፍኖ በላዩ ክፍል የሠራ ሰው አይታጣምና።

እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ሚያዝያ 15 ቀን 2023 በጀመረው ጦርነት ምክንያት በእነዚህ ሁሉ ላይ ሌላ መከራ ተጨምሮአል። የሱዳን ጦር በመጋቢት 2025 ከተማዪቱን ካስለቀቀ በኋላ ወደ ቤታቸው የተመለሱ ሰዎች ግድግዳው ተፈልፍሎ የመብራቱ የመዳብ ሽቦ ተመዝዞ አግኝተውታል። በየግቢው ያልፈነዳ ጥይትና ፈንጂም ይገኛል። ስለዚህ ከዚያ ዘመን በኋላ ቤት የሚያይ ሰው መብራቱን ማብራት፣ ቧንቧውን መክፈት፣ ግቢውንም ባለሙያ ሳያየው መቆፈር እንደሌለበት ማወቅ ይገባዋል። ባለቤቱ ተሰድዶ በሌለበት «ወኪሉ ነኝ» ብሎ የሚመጣውን ሰውም ከበፊቱ ይልቅ አጥብቆ መመርመር ያስፈልጋል።

አሁን ወደ ሻጩ ልመለስ። «እርሱ ካልጠየቀኝ እኔ ለምን እናገራለሁ» የሚል ሻጭ በየአገሩ አለ። በእንግሊዝ አገር የቆየው ልማድ ለዚህ ሰው ያደላ ነበር፤ ገዢ ራሱን ይጠብቅ ይላል። በስኮትላንድ ግን ከ2008 መጨረሻ ጀምሮ ቤቱን ለገበያ የሚያወጣ ሰው አስቀድሞ በራሱ ወጪ ቤቱን በባለሙያ አስመርምሮ ጽሑፉን ለገዢዎች እንዲያሳይ ሕጉ ያስገድዳል። ይህ ሥርዐት ለእኔ ይበልጥ ደስ ይለኛል፤ ዐሥር ገዢ ዐሥር መርማሪ ከሚከፍል አንድ ሻጭ አንድ ጊዜ ቢከፍል ይቀላልና።

የሱዳን የ1984 የፍትሐ ብሔር ግብይት ሕግ ከእስልምና ሕግ የተቀዳ ብዙ ነገር አለው። ከእነዚህም አንዱ ገዢ የተሰወረ ጉድለት ሲያገኝ ውሉን የማፍረስ ምርጫ የሚሰጠው «ኺያር አልዐይብ» የሚባለው ነው። ዐይብ ማለት በዐረብኛ የዕቃ ጉድለትም የሰው አሳፋሪ ሥራም ነው። በእኛም ቋንቋ «ነውር» የሚለው ቃል እንደዚሁ ሁለቱን ይይዛል፤ ነውር የሌለበት በግ እንላለን፣ ነውር ነው ብለንም ልጅ እንገሥጻለን። ሁለቱ ቋንቋዎች የግድግዳውን ስንጥቅና ስንጥቁን የደበቀውን ሰው በአንድ ቃል መጥራታቸው በአጋጣሚ አይመስለኝም።

የአገራችን የፍትሐ ብሔር ሕግም በ1952 ዓ.ም. ሲወጣ ሻጭ የሸጠው ነገር ጉድለት የሌለበት ለመሆኑ ኀላፊ እንዲሆን አድርጎአል። ገዢው ያወቀውን ወይም ዐይን ካለው ሊያየው ይገባ የነበረውን ጉድለት ግን በኋላ ሊከስበት አይችልም። ሻጩ «ኀላፊነት የለብኝም» ብሎ በውሉ ቢያስጽፍም ጉድለቱን በተንኰል ሰውሮ እንደሆነ ያ ቃል አያድነውም። የማይንቀሳቀስ ንብረት ሽያጭ በጽሑፍ ካልሆነ እንደማይጸና በቁጥር 2877 ተደንግጎአል። በ1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታ በዐዋጅ የመንግሥት ከሆነ ወዲህ በእኛ አገር የሚሸጠው ቤቱ ነው፤ እንግዲህ የምንከፍልበት ነገር ግድግዳውና ጣሪያው ከሆነ ግድግዳውን ሳያዩ መክፈል እንዴት ይሆናል?

ብዙ ውሎቻችን «ቤቱን አይቼ ወድጄ ገዝቻለሁ» በሚል አንድ መሥመር ይዘጋሉ። ይህ መሥመር ሻጩን እንጂ ገዢውን አይጠቅምም። በእርሱ ፈንታ ሻጩ በእጁ ጽፎ የሚፈርምበት አንድ ገጽ ከውሉ ጋር ቢያያዝ ምን ይጎዳል? ውሃ ገብቶበት ያውቃል ወይ፣ በየትኛው ዓመት፣ እስከ የት ደረሰ? ጣሪያው መቼ ተሠራ፣ የት ያፈስሳል? የመፀዳጃው ጉድጓድ የት ነው? ከጎረቤት ጋር በወሰን ወይም በግድግዳ ክርክር አለ ወይ? የውሃ፣ የመብራትና የግብር ዕዳ ስንት ነው? በቤቱ ማን ይኖራል፣ ተከራይ ካለስ እስከ መቼ? ሻጩ የማያውቀውን «አላውቅም» ብሎ ቢጽፍ አያሳፍረውም፤ ገዢው በዚያ በኩል ራሱ እንዲመረምር ይነቃልና። እያወቀ «የለም» ብሎ የጻፈ እንደሆነ ግን ወረቀቱ በዳኛ ፊት ይመሰክርበታል።

ለጸሐፊዎችና ለውል መዝጋቢ ሹማምንት ደግሞ አንድ ልመና አለኝ። ተዋዋዮቹ በፊታችሁ ሲቆሙ መታወቂያቸውንና ፊርማቸውን ከመመርመራችሁ ጋር «ይህን ገጽ ጽፋችኋል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁአቸው። ሕጉ ይህን እንድትጠይቁ ባያስገድዳችሁም እንዳትጠይቁ አይከለክላችሁም፤ ጥያቄውም ከግማሽ ደቂቃ አይበልጥም። ገጹ በሁለት ቅጂ ይጻፍ፤ አንዱ ለገዢው ይሰጥ፣ ሁለተኛው ከውሉ ጋር በመዝገብ ይቀመጥ።