መልእክቱ የት ይደር? ከኦፕሬቲንግ ሲስተም ለውጥ በኋላ ነጻ የኢሜይል ፕሮግራም ስለ መምረጥ

ማይክሮሶፍት የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ለዊንዶውስ 10 ይሰጠው የነበረውን መደበኛ የደኅንነት እድሳት ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ያቋረጠ ሲሆን፣ ከዚያ አሥር ወር ገደማ ቀደም ብሎ፣ ታኅሣሥ 22 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ከዚሁ ሲስተም ጋር በነጻ ይመጣ የነበረው ‹‹ሜይል›› የተባለ የኢሜይል ፕሮግራም ድጋፉ እንዲያበቃ አድርጎ ነበር። ኦፕሬቲንግ ሲስተም የሚባለው የኮምፒውተሩን ክፍሎች የሚያዝና ሌሎቹ ፕሮግራሞች ሁሉ የሚሠሩበት መሠረታዊ ሶፍትዌር ሲሆን፣ በደቡብ ጎንደር ባሉት በሐሙሲትም ሆነ በደብረ ታቦር ተጠቃሚው ባጭሩ ‹‹ዊንዶው›› እያለ የሚጠራው ይህንኑ ነው። የኢሜይል ፕሮግራም ደግሞ ተጠቃሚው በብራውዘር በኩል ወደ ድረ ገጽ መግባት ሳያስፈልገው መልእክቶችን ከሰርቨር፣ ማለትም ከአገልግሎት ሰጪው ማዕከላዊ ኮምፒውተር፣ እየተቀበለ በራሱ ኮምፒውተር ላይ የሚያነብበት፣ የሚጽፍበትና የሚያስቀምጥበት መሣሪያ ነው። ዊንዶው በተቀየረ ቁጥር ‹‹የትኛው ፕሮግራም ይሻላል?›› የሚል ጥያቄ መነሣቱ የተለመደ ቢሆንም፣ ከውበትና ከቅልጥፍና በፊት መመለስ ያለበት ጥያቄ መልእክቶቹ የሚቀመጡት የት ነው፣ በማንስ እጅ ነው የሚለው ነው።

የዊንዶውስ የራሱ ታሪክ ይህን ጥያቄ ለማስቀደም በቂ ምክንያት ይሰጣል። በዊንዶውስ ኤክስፒ ዘመን የነበረው አውትሉክ ኤክስፕረስ በዊንዶውስ ቪስታ ጊዜ ለዊንዶውስ ሜይል ቦታውን ለቀቀ፤ ዊንዶውስ 7 ያለ ምንም የኢሜይል ፕሮግራም ወጥቶ ተጠቃሚው ዊንዶውስ ላይቭ ሜይልን ከኢንተርኔት አውርዶ እንዲጭን ተደረገ፤ የዚህም ድጋፍ ጥር 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ተቋረጠ፤ በዊንዶውስ 8 እና 10 ‹‹ሜይል›› መጣ፤ አሁን ደግሞ በዊንዶውስ 11 ላይ ‹‹አዲሱ አውትሉክ›› ተተክቷል። እነዚህ ፕሮግራሞች ሁሉ በነጻ የተሰጡ ነበሩ፤ ዕድሜያቸውን የወሰነው ግን የተጠቃሚው ፍላጎት ሳይሆን የኩባንያው ዕቅድ ነው። አውትሉክ ኤክስፕረስ መልእክቶችን የሚያስቀምጥበት የፋይል ዓይነት የራሱ ብቻ ስለነበር፣ ኮምፒውተሩ ሲለወጥ መልእክቶቹን ወደ ሌላ ፕሮግራም ማሻገር ራሱን የቻለ ሥራ ሆኖ ነበር፤ የዊንዶውስ 10ሩ ሜይልም ቢሆን መልእክቶችን በአንድነት አውጥቶ ለሌላ ፕሮግራም የሚያስረክብበት በር አልነበረውም።

መልእክት የት ያድራል የሚለውን ለመረዳት ሁለት የአሠራር ሥርዓቶችን መለየት ያስፈልጋል፤ አንደኛው ፖፕ፣ ሁለተኛው አይማፕ ይባላል። በኢትዮጵያ ደብዳቤ በየቤቱ ስለማይታደል፣ ተቀባዩ ፖስታ ቤት ሄዶ ሣጥኑን በቁልፉ ከፍቶ ይወስዳል፤ ፖፕ የሚሠራው በዚሁ መንገድ ሲሆን፣ ፕሮግራሙ መልእክቱን ከሰርቨሩ ሣጥን አውጥቶ ወደ ኮምፒውተሩ ይወስድና፣ ‹‹ቅጂ ተው›› ተብሎ ካልታዘዘ በስተቀር፣ ሣጥኑን ባዶ ያደርገዋል። አይማፕ ግን ዋናውን ደብዳቤ በሣጥኑ ውስጥ ትቶ፣ ባለቤቱ በቢሮው ኮምፒውተርም በስልኩም ሣጥኑን እየከፈተ ያንኑ ደብዳቤ እንዲያነብ ያስችለዋል። አይማፕ እ.ኤ.አ. በ1986 በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ በማርክ ክሪስፒን የተነደፈ ሲሆን፣ ዛሬ አብዛኛዎቹ አገልግሎት ሰጪዎች የሚመርጡት እርሱን ነው።

ልዩነቱ ከባድ የሚሆነው ዊንዶው በሚቀየርበት ዕለት ነው። በደቡብ ጎንደር ከተሞች፣ እንደ ሌላውም የአገሪቱ ክፍል ሁሉ፣ ‹‹ዊንዶው መቀየር›› ማለት ብዙ ጊዜ የነበረውን ማሻሻል ሳይሆን ኮምፒውተሩን ‹‹ፎርማት ማድረግ››፣ ማለትም ሲስተሙ ያለበትን የሲ ክፍል ጠርጎ አዲስ መጫን ነው። ባለሙያው በዲ ክፍል ያለውን ሰነድ አይነካም፤ ባለቤቱም ሰነዱን ዲ ላይ ካስቀመጠ ደኅና ነኝ ይላል። ይሁንና የኢሜይል ፕሮግራሞች መልእክቶቻቸውን የሚያኖሩት በሲ ውስጥ፣ ብዙ ጊዜም በተደበቀ ፎልደር ነውና፣ በፖፕ የተቀበለ ቢሮ የዓመታት ደብዳቤውን ማንም ክፋት ሳያስብበት በግማሽ ሰዓት ውስጥ ሊያጣ ይችላል። በአይማፕ የሚጠቀመው ግን መለያውንና የይለፍ ቃሉን እንደገና ሲያስገባ ሁሉም ከሰርቨሩ ተመልሶ ይወርድለታል።

ታዲያ አይማፕ ካለ ፕሮግራሙ ለምን ያስፈልጋል፣ በብራውዘር ጂሜይልን መክፈት አይበቃም ወይ የሚል ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል፤ ተቃውሞውም ተገቢ ነው። ኔትወርክ ሁልጊዜ ባለበት ቦታ ለአብዛኛው ሰው በእርግጥም ይበቃል። ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚወስደው መንገድ ላይ ባለችው ሐሙሲትና በጉና ተራራ ግርጌ ባለችው ደብረ ታቦር ግን ኔትወርክ ‹‹ሁልጊዜ ያለ›› ነገር አይደለም። በአማራ ክልል ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀ በኋላ የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ እንደነበር ይታወሳል፤ በብራውዘር ብቻ የሚጠቀም ሰው በእንዲህ ያለ ጊዜ ያጣው አዲስ መልእክት መቀበልን ብቻ ሳይሆን፣ ቀድሞ የተቀበለውን የውል ቅጂ፣ የትምህርት ማስረጃና የደረሰኝ ፎቶ ጭምር ነው። የኢሜይል ፕሮግራም ያለው ሰው በበኩሉ የቆየውን በእጁ ያነባል፤ መልሱንም ጽፎ በ‹‹ወጪ ሣጥን›› ያሳድርና መስመሩ ሲመለስ፣ ወይም ላፕቶፑን ይዞ መስመር ወዳለበት ሲሄድ፣ ይልከዋል።

ይህ አሠራር ለኢትዮጵያ አዲስ አይደለም። ቴሌኮሙኒኬሽን ኢንተርኔትን ለሕዝብ የጀመረው በ1989 ዓ.ም. ሲሆን፣ ከዚያ በፊት በ1980ዎቹ አጋማሽ በአዲስ አበባ በተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ሥር የነበረው ፓዲስ የተባለ የመረጃ ማዕከል ፊዶኔት በሚባል ቴክኖሎጂ የኢሜይል አገልግሎት ይሰጥ ነበር። ተጠቃሚው መልእክቱን መስመር ሳይኖር ጽፎ ያዘጋጃል፤ በሞደም ለአጭር ጊዜ ደውሎ የጻፈውን ይሰጣል፣ የመጣለትን ይቀበላል፤ ማዕከሉም በበኩሉ በስልክ ከውጭ አገር ጋር ተገናኝቶ የተጠራቀመውን ይለዋወጣል። መስመር ውድ በነበረበት ዘመን የተፈጠረው ይህ ቁጠባ መስመር በሚቆራረጥበት ቦታ ዛሬም ዋጋውን አላጣም፤ የዛሬዎቹ ፕሮግራም ነዳፊዎች ኢንተርኔት እንደ አየር ሁልጊዜ አለ ብለው በማሰባቸው የተረሳው ጥቅምም ይኸው ነው።

ከመምረጫ መስፈርቶች ሁሉ አማርኛ ጸሐፊውን ይበልጥ የሚነካው የፊደል ጉዳይ ስለሆነ ሰፋ አድርጎ ማየት ይገባል። ኮምፒውተር ፊደልን የሚያውቀው በቁጥር ነው፤ እያንዳንዱ ፊደል የራሱ ቁጥር አለው። የኢትዮጵያ ፊደል ዩኒኮድ ወደሚባለው ዓለም አቀፍ የቁጥር ሥርዓት የገባው እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 1999 በወጣው ሦስተኛው እትም ነው። ከዚያ በፊትና ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመታት በየጽሕፈት ቤቱ የተሠራባቸው እንደ ቪዥዋል ግዕዝ ያሉ ፕሮግራሞች በላቲን ፊደላት ቁጥር ላይ የግዕዝን ቅርጽ የሚስሉ ፎንቶች ነበሯቸው። በዚህ ዓይነት ፎንት የተጻፈ ደብዳቤ በኢሜይል ሲላክ የሚጓዘው የላቲኑ ቁጥርና የፎንቱ ስም ብቻ ነው፤ ፎንቱ ራሱ አብሮ አይሄድም። ስለዚህ ተቀባዩ ያው ፎንት ከሌለው የሚታየው የላቲን ፊደልና የምልክት ዝብርቅርቅ ነው። ዊንዶው ፎርማት ሲደረግ የፎንቶቹ ፎልደርም በሲ ውስጥ ስላለ አብሮ ይጠረጋል፤ ባለቤቱም ‹‹ኢሜይሎቼ ተበላሹ›› ብሎ አዲሱን ፕሮግራም ይረግማል፤ የጠፋው ግን ፎንቱ እንጂ ጽሑፉ አይደለም። መፍትሔው ከፎርማት በፊት የድሮ ፎንቶችን ወደ ፍላሽ መገልበጥ፣ ጊዜ ሲገኝም ጽሑፉን ወደ ዩኒኮድ መለወጥ ነው።

አዲሱን ጽሑፍ በሚመለከት ደግሞ ዊንዶውስ ከቪስታ ጀምሮ ኒያላ የተባለ የግዕዝ ፎንት ይዞ ስለመጣ፣ ኋላም ኢብሪማ የተባለው ፎንት ፊደሉን ስላካተተ፣ የማንበብ ችግር በአብዛኛው ተቃልሏል። ቢሆንም አንድ የኢሜይል ፕሮግራም ለአማርኛ ብቁ መሆኑ የሚታወቀው መልእክቱን ዩቲኤፍ-8 በተባለው የዩኒኮድ አጻጻፍ ሲልክ፣ የርእሱን መስመርና የአባሪ ፋይሉን ስም ጭምር ሳያበላሽ ሲያደርስ ነው። የመልእክቱ አካል ደኅና ደርሶ ርእሱ የጥያቄ ምልክት ሰልፍ ሆኖ መታየቱ የቆዩ ፕሮግራሞች የታወቀ ጉድለት ነው። ስለሆነም ማንኛውም ቢሮ አዲስ ፕሮግራም ከመልመዱ በፊት በአማርኛ ርእስና በአማርኛ የተሰየመ አባሪ ያለው አንድ መልእክት ወደ ሌላ አድራሻ ልኮ ቢፈትን ከብዙ ምክር ይሻለዋል።

በነጻ ከሚገኙት ውስጥ በመጀመሪያ የሚያጋጥመው አዲሱ አውትሉክ ነው፤ ከዊንዶውስ 11 ጋር ስለሚመጣ ለማውረድ የሚቸገር የለም። ሁለት ነገሮች ግን ሊታሰብባቸው ይገባል፤ ክፍያ ለማይፈጽም ተጠቃሚ ማስታወቂያ ያሳያል፤ ከዚህም በላይ የጂሜይል ወይም የሌላ ድርጅት አድራሻ ሲጨመርበት የመልእክቶቹን ቅጂ ወደ ማይክሮሶፍት ሰርቨሮች ይወስዳል። ጂሜይልም ራሱ ውጭ አገር አይደለም ወይ የሚል ሊኖር ይችላል፤ እውነት ነው፣ ነገር ግን በአንድ እጅ የነበረው ደብዳቤ በሁለት እጅ ሲሆን ኃላፊነቱ ይጨምራል፤ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህም የባለጉዳይን መረጃ የሚይዝ ቢሮ ይህን እንደ ተራ ነገር ሊያልፈው አይገባም። ኢኤም ክላየንት የተባለው ፕሮግራም መልኩ ያማረ ነው፤ ነጻው ፈቃዱ ግን ለግል ጥቅምና ለሁለት አድራሻ ብቻ ስለሆነ ለመሥሪያ ቤትና ለንግድ ቤት አይሆንም።

ከሁሉ የተሻለው ምርጫ ተንደርበርድ ነው ብሎ መናገር ይቻላል። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2004 የመጀመሪያው ሙሉ እትሙ የወጣው ይህ ፕሮግራም ውስጣዊ አሠራሩ ለማንም ክፍት የሆነ፣ ወጪው በዋነኛነት በተጠቃሚዎች መዋጮ የሚሸፈን፣ ለግልም ለመሥሪያ ቤትም ያለ ክፍያ የሚፈቀድ ነው። መልእክቶችን የሚያስቀምጠው ኤምቦክስ በተባለ፣ ሌሎች ፕሮግራሞችም በሚያነቡት የፋይል ዓይነት ነው፤ በፎንት ምርጫው ውስጥም የኢትዮጵያ ፊደል የራሱ ቦታ አለው። እንከን የለሽ አይደለም፤ ራሙ አነስተኛ በሆነ አሮጌ ኮምፒውተር ላይ ይከብዳል፣ ቅንብሩም ለጀማሪ ይበዛል፤ በዊንዶውስ 7 ላይ የሚሠራው የመጨረሻው ዋና እትም እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣው 115ኛው ነው። በአይማፕ ሲሠራ በሰርቨሩ ላይ የተሰረዘ መልእክት በኮምፒውተሩ ላይም እንደሚሰረዝ መታወቅ አለበት። ለዘለቄታው መቀመጥ ያለበት ደብዳቤ ‹‹ሎካል ፎልደርስ›› ወደሚለው ክፍል መገልበጥ ይኖርበታል፤ ስልኩ በሚልካቸው ፎቶዎች የጂሜይሉ 15 ጊጋ ባይት ሞልቶ መልእክት መቀበል ያቆመ ሰውም ትልልቅ አባሪ ያላቸውን ደብዳቤዎች በዚሁ መንገድ አውጥቶ ቦታ ሊያስለቅቅ ይችላል።

ከፕሮግራሙ ምርጫ ውጭ የሆነ፣ ምርጫውን ግን ከንቱ ሊያደርግ የሚችል አንድ ነገር አለ። ጎግል ከግንቦት 2014 ዓ.ም. ጀምሮ፣ ማይክሮሶፍትም ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ የግል አድራሻዎችን በይለፍ ቃል ብቻ የሚከፍቱ ፕሮግራሞችን መቀበል ስላቆሙ፣ ፕሮግራሙ ባለቤቱን ወደ ድርጅቱ የመግቢያ ገጽ ወስዶ ማንነቱን ማስመስከር አለበት፤ ማስመስከሪያውም ብዙ ጊዜ ወደ ስልክ የሚላክ ቁጥር ነው። በገጠር ከተሞች ለዲቪ ሎተሪ ወይም ለሥራ ማመልከቻ ኢሜይል የሚከፍተው አብዛኛውን ጊዜ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤቱ ሠራተኛ ነው፤ የይለፍ ቃሉም በእርሱ ደብተር፣ የማረጋገጫ ስልኩም አንዳንድ ጊዜ በእርሱ ስም ይቀራል። እንዲህ ያለ አድራሻ በየትኛውም ፕሮግራም ቢከፈት የባለቤቱ ሊባል ስለማይችል፣ ዊንዶው ከመቀየሩ በፊት የይለፍ ቃሉንና ስልክ ቁጥሩን በራስ ስም ማድረግ ቅድሚያ ሊሰጠው ይገባል።

የመጨረሻው ጉዳይ ዊንዶውስ 11ን መሸከም የማይችሉት ኮምፒውተሮች ናቸው። ይህ ሲስተም ቲፒኤም 2.0 የተባለ የደኅንነት ክፍልና በአንጻራዊነት አዲስ የሆነ ፕሮሰሰር ስለሚጠይቅ፣ ያገለገሉ ሆነው የተገዙ ብዙ ኮምፒውተሮች ከመስፈርቱ ውጭ ናቸው። ለእነዚህ በነጻ የሚታደለው ሊኑክስ አንድ መውጫ ነው፤ ሊኑክስ ሚንት ከተንደርበርድ ጋር ይመጣል፣ በኡቡንቱም ላይ ተንደርበርድን በነጻ መጫን ይቻላል፤ በዊንዶውስ ላይ የነበረው የተንደርበርድ ፎልደርም በፍላሽ ተገልብጦ በሊኑክስ ላይ መከፈት ይችላል። አማርኛ መጻፉም አያስቸግርም፤ በሊኑክስ ከሚገኙት የአማርኛ ኪቦርዶች አንዱ የሚሠራው ሴራ በተባለው አጻጻፍ ሲሆን፣ ይህም ዩኒኮድ ከመስፋፋቱ በፊት ይትና ፍርድይወቅና ዳንኤል ያዕቆብ አማርኛን በላቲን ፊደል በኢሜይል ለመላላክ እንዲያመች የቀየሱት ሥርዓት ነው።